ጋኑ የለበሰው ጋቢ

ደብረ ማርቆስ ላይ በነሐሴ ጠጅ አይቸኩልም። ጋኑ ከምድጃው አጠገብ ቢቀመጥ እንኳ ብርዱ ይይዘውና ብርዙ ሳይፈላ ይሰነብታል። ጎረቤቶቻችን ስኳር ጨምረው ያፋጥኑታል። እኔ ግን ያኔ ደጀን እሠራ ነበርና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤታችን ጋብዤ፣ እዚያው ላለችው ላሳደገችኝ አክስቴ የጠጁን ማር በአውቶቡስ ላክሁላት። በስልክም «እቴቴ፣ ስኳር የሚባል ነገር እንዳታስጠጊበት» አልኳት። በጠጅ አዋቂነቴ መመጻደቅ እወድ ነበር።

ከእንግዶቼ ጋር ስደርስ ጋኑ ጋቢዋን ለብሷል፤ ለጥምቀት የገዛሁላትን ጋቢ። እሷ በስስ ነጠላ ሆና ትስላለች።

«ምነው እቴቴ፣ በዚህ ብርድ?»

«እኔስ ወዲያ ወዲህ ስል ይሞቀኛል። እሱ ቁጭ ያለ ነው።»

ስኳሩን ብፈቅድላት ኖሮ ጋቢው ከትከሻዋ ባልወረደ።

እንግዶቼ ብርሌያቸውን ወደ ብርሃን እያነሱ አደነቁ። እኔም «ማር ብቻ ነው» እያልኩ ኮራሁ። ሳሏ ከጓዳ ይሰማል። አንዱ «አሟቸው ነው እንዴ?» ሲለኝ «ብርድ ነው» ብዬ ብርሌውን ሞላሁለት።

እንግዶቼን ከሸኘሁ በኋላ ጓዳ ገብቼ ጋቢውን ከጋኑ ላይ ገፈፍኩና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁት። ወዲያው አውልቃ እጄ ላይ መለሰችው።

«የቀረው ያንተ ነው፣ ገና ይጠንክርልህ። ጠንከር ያለውን ትወድ የለ።»

 ጋቢውን መልሼ ጋኑን አለበስኩት።