አረፋ ያልደፈቀው ድንጋይ

የትነበርሽ መጀመሪያ የጠረጠረችው ኮምጣጤውን ነበር። ባሏን ማንደፍሮን የምትጠረጥርበት ምክንያት አልነበራትም፤ ሆላንዶችን በኮምጣጤያቸው መጠርጠር ግን ምንም አይከብድም። በርበሬያቸው ስኳር ስኳር የሚል፣ አይባቸው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሰዎች ኮምጣጤያቸውን ውሃ ቢያደርጉት ምን ይገርማል? እንዲህ ብላ ነገሩን ዘጋችው። ጥፋት ከተባለ የእሷ ጥፋት ይኸው ነው፤ ሌላ የለባትም።

ባልና ሚስቱ ሆላንድ አገር፣ ደን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ ወጥተው በሚደርሱበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። እሷ በጠዋት ጎረቤት ከተማ ራይስዋይክ ሄዳ ቢሮ ታጸዳለች፤ እሱም እዚያው ራይስዋይክ፣ ቦዩ ዳር ባለ የድንጋይ መጥረቢያ ቤት ይሠራል። ጎንደር ሳለም ሥራው ይኸው ነበር፤ ለቤት መሠረት የሚሆን ጥቁር ድንጋይ እየጠረበ ነው ያገባት። በቀይ ሽብር ጊዜ እንደሚፈለግ ሰማና በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ልጃቸው ይመኙሻል ያን ሰሞን ኩፍኝ ይዟት ስለነበር ከማንደፍሮ እህት ከአበባይሽ ጋር ቀረች። ስታገግም ትከተላለች ተብሎ ነበር። አበባይሽም እንደ ቃሏ ልጅቱን አዝላ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ አመጣቻት፤ የደረሰችው ግን እነሱ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት በኩል ወደ ሆላንድ ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ በስደተኞች ሰፈር፣ እናትና አባት በደን ሃግ ሆኑ። የስደተኞች ቢሮ ሰዎች ማንደፍሮን ልጅህን ለማምጣት ቋሚ የሥራ ውል ማሳየት አለብህ አሉት፤ የአገሩ ሰው «ቫስት ኮንትራክት» የሚለውን። የማንደፍሮ ውል ግን ጊዜው ባለቀ ቁጥር የሚታደስ፣ አሠሪው ካልፈለገም የማይታደስ ነበር። የትነበርሽ ይቺን የባዕድ ቃል በጸሎቷ ውስጥ ሳይቀር ማስገባት ጀመረች። እግዜር ሆላንድኛ ይወቅ አይወቅ ግድ አልሰጣትም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ነገሩ ደህና ነበሩ። መጥረቢያ ቤቱ ውስጥ ጡረታው የተቃረበ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ነበር፤ የራሱ ድንጋይ በሌለው አገር፣ በመርከብና በጀልባ የሚመጣውን ድንጋይ ሲጠርብ ያረጀ ሰው። ማንደፍሮን ወደደውና በአፉም በእጁም እያሳየ አስተማረው። ማንደፍሮ ደግሞ የተማረውን ቤት ይዞ ይመጣል። አንድ እሁድ ሦስት ድንጋይ መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረና የትነበርሽን ቁጭ አደረጋት።

ድንጋይን መልኩን አይተው አይለዩትም፣ አወላለዱን ጠይቀው ነው አላት። አንደኛው ግራናይት ነበር፤ የእሳት ልጅ። በምድር ሆድ ውስጥ የቀለጠ አለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚወለድ ነው፤ ጊዜ ስለሚያገኝ ፍሬው ትልልቅ ሆኖ በዓይን ይታያል። የጎንደሩ ጥቁር ድንጋይም የእሳት ልጅ ነው፤ እሱ ግን ወደ ውጭ ተተፍቶ ባንዴ ስለቀዘቀዘ ፍሬው አይለይም። ሁለተኛው ፈዛዛ ቢጫ የኖራ ድንጋይ፣ የውሃ ልጅ ነው። የባሕር ዛጎልና አጥንት ከታች ይደለደላል፣ በላዩ ሌላ ይጫናል፣ ክብደቱ ያጣብቀውና ድንጋይ ይሆናል። ሦስተኛው እብነ በረድ ነው። እሱ ድሮ ኖራ ነበር፤ መሬት ውስጥ ጠልቆ ሙቀትና ጭነት ሲበዛበት ሳይቀልጥ ተለወጠ። የትነበርሽ የራስህን ቅድመ አያት ስም ሳታውቅ የድንጋይ ዘር ትቆጥርልኛለህ ብላ ሳቀችበት።

እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ሦስቱንም በቢላዋ ፍቆ ዱቄታቸውን በየስኒ ማስቀመጫው ላይ አደረገና ኮምጣጤ ጠብ ጠብ አደረገባቸው። የኖራው ዱቄት ቺስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። እብነ በረዱም የኖራ ዘር ነውና ትንሽ ፈላ። ግራናይቱ ዝም አለ። የትነበርሽ ከሁሉ የገባት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ነጭ አቧራ የጠጣውን የሥራ ቱታውን ከማጠቧ በፊት ኮምጣጤ ባለበት ውሃ ትዘፈዝፈው ጀመር። ቱታው በገንዳው ውስጥ ቺስ ሲል፣ ና ልብስህ እያወራ ነው ብላ ትጠራዋለች። በዚያ ቤት ብዙ የሚያስቅ ነገር ስላልነበረ ይቺን አልለቀቋትም።

ሽማግሌው ጡረታ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መጥረቢያ ቤቱ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ያዘና በጭነት መኪና ፈዛዛ ቢጫ ድንጋይ ይራገፍ ጀመር። አሠሪው ዓይኑን በጨው አጥቦ የፈረንሳይ ኖራ ነው አለ። አብሮ የሚሠራው ጸጋይ፣ በዕድሜ ከማንደፍሮ የሚበልጥ፣ አማርኛውን አሥመራ ተማሪ ቤት የተማረ ሰው፣ ይሄ ድንጋይ በእርግጥ ኖራ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚያው ሳምንት ከእንግዲህ አትምጣ ተባለ። ጸጋይ ወደ ሮተርዳም ወደብ ሥራ ከመሄዱ በፊት እቤታቸው መጥቶ ነበር፤ አልገባም ብሎ ደረጃው ላይ ቆሞ ከማንደፍሮ ጋር በዝግታ ሲያወራ ቆየና ሄደ። የትነበርሽ ምን አለህ ብትለው ሊሰናበተኝ ነው አላት።

በማግስቱ ማንደፍሮ ከአዲሱ ድንጋይ ቁራጭ ይዞ መጣና ከሦስቱ ቀጥሎ ደፉ ላይ አስቀመጠው። ይሄስ ስትለው፣ ይሄም ኖራ ነው አለ።

በዚያ ሳምንት ነው ቱታው ዝም ያለው። ኮምጣጤውን ጨመረችበት፤ አሁንም ዝም። ማንደፍሮ ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተና ውሃ አብዝተውበታል አላት፤ በበነጋታው ራሱ ከሌላ ሱቅ ሌላ ጠርሙስ ይዞላት መጣ። ቱታው በዚህኛውም ዝም አለ። ሦስተኛውን እሷው ከገበያ ገዛች፤ ነጋዴው ከዚህ የበረታ የለም ብሎ የማለላትን። እሱም ያው። በመጨረሻ ሰልችቷት ተወችው። ቱታውን በረንዳ ላይ አራግፋ በሳሙና ብቻ ታጥበው ጀመር፤ ስታራግፈው የሚነሳው አቧራ ከበፊቱ የደቀቀ ነበር፣ እንደ ጤፍ ዱቄት። ነጋዴዎቹን በየሳምንቱ ትረግማቸዋለች፤ ማንደፍሮም አብሯት ይረግማል።

በጸደይ ቋሚ ውሉ ተፈረመ። የትነበርሽ ዶሮ ሠራች፤ እሱ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ደክሞኛል ብሎ ተኛ። ይመኙሻል የመጣችው ከዓመት በኋላ ነው፤ በስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የአንዲት ፈረንጅ አስተናጋጅ እጅ ይዛ። ወላጆቿን እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋላችሁ» አለቻቸው፤ ለየብቻቸው ስታወራቸው ደግሞ እርስዎ ትላቸዋለች። ቤት ሲደርሱ ማንደፍሮ ልጅቱን አቅፎ ደረጃውን መውጣት ጀመረና ሁለተኛው ፎቅ ላይ አውርዷት ግድግዳ ተደግፎ ሳል ያዘው። በደስታ ነው አሉ፤ ሳቁም።

ልጅቱ ሆላንድኛውን ለመደች፤ እርስዎ ማለቱንም እዚያው ተማሪ ቤት ጥላው መጣች። «ፓፓ፣ አንተ ቀስ ብለህ ና፣ እኔ በሩን እከፍታለሁ» ትለዋለች። ሌላው አባት ቢሆን ይቆጣ ነበር። ማንደፍሮ ግን እንግዳዋ አይደለሁም ማለት ነው ብሎ ይደሰታል።

ሳሉ አልለቀቀውም። ከሥጋው እየቀነሰ፣ ከደረጃው ላይ የሚያርፍበት እየጨመረ ሄደ። የሠፈሩ ሐኪም፣ «ሁይስአርትስ» የሚሉት፣ ሲጋራ ተው አለው፤ ማንደፍሮ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሁለት ክረምት በሽሮፕ ካለፈ በኋላ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሳንባ ሐኪም ተላከ።

የሚተረጉምላቸው ሰው ስላልነበረ ይመኙሻልን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ወሰዷት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ መብራት ላይ ሰቀለና ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የምትጠርበው ብሎ ጠየቀ። ማንደፍሮ ኖራ አለ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎም ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ልጅቱ ትምህርቱን እንደሚያስረዳ ተማሪ ጣቷን እያጠፈች ተረጎመችው።

«ማማ፣ ኖራ እንዲህ አያደርግም ይላል። ኖራም የአሸዋ ድንጋይም ከውሃ ስር ነው የተሠሩት፣ መልካቸውም ይመሳሰላል፤ ግን አሸዋው የተፈጨ ግራናይት ነው ይላል። የአሸዋው አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ጠባሳ ይሆናል። በዚህ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ የአሸዋ ድንጋይ መጥረብ ድሮ ነው የተከለከለው ይላል። የፓፓ ፎቶ የአሸዋ ነው ይላል።» የቀረችውን ጣቷን አጠፈችና፣ «ጠባሳው አይመለስም ይላል» አለች።

ማንደፍሮ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ ኖራ ነው የነበረው በይው አላት። ልጅቱም ነገረችው። የትነበርሽ ግን ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማችም። ጆሮዋ ውስጥ ያ ቱታ ዝም ብሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ይመኙሻል ታች ቤት ጓደኛዋ ጋ ስትወርድ፣ የትነበርሽ ወደ መስኮቱ ሄደች። አራተኛውን ድንጋይ አነሳች፤ ያንን ሁሉ ዓመት አቧራውን ጠርጋለት ቦታው መልሳዋለች። በቢላዋ ፋቀችው። ኖራውንም ፋቀች። ሁለት ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጋ ከአንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ጠብ አደረገችባቸው። ኖራው አረፋ ደፈቀ። ሌላው እንደ ረጠበ አሸዋ ተኝቶ ቀረ። ሁለቱንም አምጥታ ማንደፍሮ ፊት አስቀመጠቻቸው።

ማንደፍሮ ብዙ ሳያይ፣ «ኮምጣጤው ሁልጊዜም ደህና ነበር» አላት።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ሽማግሌው ከመውጣቱ በፊት ይህንን ድንጋይ ካየህ ሽሽ ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ጸጋይም ደረጃው ላይ የለመነው አብረን እንልቀቅ ብሎ ነው። ቁራጩን ይዞ የመጣው ራሱ ሊሞክረው ነበር፤ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ሞከረው፤ ዝም አለው። ውሉ ሊፈረም የቀረው አንድ ክረምት ነው፤ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ በጸጋይ አይቷል። ቤተ ክርስቲያኑ እስኪያልቅ ልቻለው አለ። እሱ ሲያልቅ በዚያው ዓይነት ድንጋይ የሚሠራ ሌላ ሥራ መጣ። ያኔ ደግሞ የልጅቱ ወረቀት ገና በእጃቸው አልገባም ነበር። ሐኪሙንም የዋሸው ሐኪሙን ፈርቶ አይደለም። መልሱ በልጅቱ አፍ ማለፍ ነበረበት።

«ለእኔ ብትነግረኝስ?» አለችው።

«ብነግርሽ ታስቀሪኝ ነበር።»

የትነበርሽ እንዴታ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ያን ጊዜ ልጅቱ በገዳሪፍ ወባ ይዟት ነበር፤ የአበባይሽ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የትነበርሽ ለሦስት ቀን እህል አትቀምስም። ባውቅ ኖሮ አስቀረው ነበር ወይስ ዝም እለው ነበር? ይህንን ራሷን ጠየቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሐዘኗ ሁሉ የከፋባት ይቺ ጥያቄ ነች፣ እስከ መቃብሩም ይዛት ሄደች።

ማንደፍሮ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና፣ «እሷ እንዳትሰማ» አላት። «ስላንቺ ነው የሞተው የሚላት ሰው አይኑር።»

ደረጃው ላይ ሩጫ ተሰማ። የትነበርሽ የኖራውን ማስቀመጫ አንስታ አረፋውን በመሐረቧ ጠረገችው። ይመኙሻል እያለከለከች ገባች። እናቷ ጠርሙስ እንደያዘች፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ የረጠበ ዱቄት ስታይ፣ ምን እየሠራችሁ ነው አለች።

«የአባትሽን ቱታ ልዘፍዝፍ ብዬ ነበር» አለች የትነበርሽ። «ኮምጣጤው ተበላሽቷል።»

ማንደፍሮ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ልጅቱ ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው፤ አፍንጫዋን አቃጥሏት ፊቷን አጨማደደች፤ ግን እናቷ ያለችውን አመነች። ኮምጣጤውን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፣ ሌላ እገዛለሁ አለችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።