«የለም» ብዬ የፈረምኩበት ዕቃ ቤት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ተቀምጠን የአንኮበርን አካባቢ ጥንታዊ ቅርስ እየመዘገብን በካርታ ስናሰፍር፣ አለቃው እኔ ነበርኩ። ቅርስ በተገኘበት ደብር ላይ ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥብ ያገኘ ደብር ለዕቃ ቤቱ የጣሪያ ቆርቆሮ ይሰጠዋል። ያለእኔ ፊርማ ግን ነጥብ የለም። ይህን ሁሉ ሥልጣን ይዤ በረዳቴ እቀና ነበር። ምን ልደብቅ፣ አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁት!

እሱ የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም በድቁና ያደገ። ደጀ ሰላም ይቀመጥና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለሞቱት መሪጌታ ያወራል። ወረቀት የሚባል አያወጣም። ትንሽ ቆይተው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ገበዙ፣ ራሳቸው ቁልፍ ይዘው ይነሳሉ። መስቀሉን ይሳለማል፣ ብራናውን ያያል፤ ሁሉም ተመልሶ ከተቆለፈ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በቃሉ የያዘውን ይጽፋል።

«ጋሼ፣ ዕቃው ፊት ብዕር ካወጡ ሊወርሱን ነው ይላሉ» ይለኝ ነበር።

እሱ ለእኔ መካሪ! አልዩ አምባ ስንወርድ እንኳ ሸሁ የአያታቸውን ቁርአን ከሣጥን አውጥተው ያሳዩት ለእሱ ነው። ለእኔ የደረሰኝ መቀመጫ ወንበር ብቻ ነው።

አንድ ቀን የቢሮ ሹማችን የእሱን ቅጾች እያገላበጡ፣ «ለከርሞ እሱ ቢመራው ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። «ጥሩ ነው» አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሱ ጣርማ በር የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ብቻዬን በቅሎዬን ጭኜ ከአንኮበር በላይ ወዳለ አንድ ደብር ወጣሁ። ካኪዬን እንደለበስኩ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ብዕሬን አወጣሁ።

«ስንት መስቀል፣ ስንት መጽሐፍ አላችሁ?»

ገበዙ ብዕሬን አዩት። «ምን አለን ብለህ ነው ልጄ፤ በጠላት ጊዜ ተቃጠለ።»

«የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ረዳቴ ሲመለስ ሳይነግረኝ እዚያው ደብር ሄዶ ኖሯል። እየሮጠ ቢሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ጉድ ነው! ብራናው ተደርድሯል፣ የብር መስቀሉ ብቻ...! የሣር ክዳኑ ግን ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ነጥቧን ያድርጉልኝ።»

«የፈረምኩትን አልሰርዝም።»

«ስህተቱ የእኔ ነው እላለሁ። በእኔ ላይ ያላክኩት።»

ደግነቱ ይባስ አበገነኝ። ስህተቱን እሱ ተሸክሞልኝ፣ እኔ በእሱ ምሕረት ልኖር? «ካርታው ነገ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አበቃ!» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ካርታው ያለ ነጥቧ ሄደ። ለከርሞም የመራሁት እኔው ነኝ። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚሉት የእኔን ዓይነቱን ምቀኛ አይደለም።

ሁለት ክረምት አለፈና በዚያ በኩል ስሄድ እግሬ ወደ ደብሩ ወሰደኝ። ዕቃ ቤቱ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተደርምሷል። ገበዙ አወቁኝ፤ አልተቆጡም። በጨርቅ የተጠቀለለ ብራና አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ቅጠሎቹ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ቀለሙ ወርዶ ጨርቁን አበላሽቶታል።

«ብዕርህን አውጣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን የለም ብለህ ብትጽፍ እውነት ነው።»