ዱካ ሳንተው የወረድንበት ቅዳሜ

ጠዋት 1፡30፣ አያት

ከአያት የተነሳነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና የክበባችን ሰብሳቢ ናትናኤል። ክበባችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሳይበር ደህንነት ክበብ ነው፤ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። የዚያን ቀን ዓላማችን እንጦጦ ሥር በሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ኮምፒውተርን ያለ ማውስ፣ ትእዛዝ እየጻፉ ማሠራትን ለጀማሪዎች ማስተማር ነበር። እኛ ቤት ፕሮቴስታንት ስለሆንን ነጠላ የለኝም። እናቴ ከጎረቤት ተውሳ በፌስታል አስያዘችኝ።

በባቡር መገናኛ ደርሰን፣ ሁለት ታክሲ ቀያይረን ፈረንሳይ ወረድን። ላፕቶፖቹን ለያዙት ሁለት ሻንጣዎች ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ አስከፈለን። ናትናኤል ተከራክሮ ተሸነፈ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በሃያ ሃያ ብር ገዛንና እየበላን ዳገቱን ተያያዝነው።

3፡00፣ ዳገቱ

ኮብልስቶኑ አልቆ ቀይ አፈሩና ባሕር ዛፉ ሲጀምር፣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ከሸክሙ ሥር የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። "እንደምን አደራችሁ" ስንል ቀና ሳይሉ መለሱልን። በባዶ ሻንጣ እንኳ የማይወጣ ዳገት ነው እያልን ስናማርር የነበርን ሁለታችንም ማማረሩን ተውን።

በር ላይ የጠበቁን የሰበካው ጸሐፊ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ፣ ላፕቶፖቻችን አምስት ስለነበሩ የቢሮአቸውን ኮምፒውተር ጨመሩልን። ከመስጠታቸው በፊት ውስጡ ያለውን አንድ ነገር አሳዩኝ፤ በግቢው የተቀበሩ ሰዎች ዝርዝር ነው። "ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ ከወይራው በስተግራ" እያለ ይቀጥላል። መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ የታችኛው መቃብር ይነሳል፤ ቤተሰብም የየራሱን ሰው አፅም እንዲያወጣ ተነግሯል። የእንጨት መስቀሎቹ በስብሰዋል፣ የወረቀት መዝገቡን ጣሪያው እያፈሰሰ አጥፍቶታል። ጋሽ ወርቁ ዝርዝሩን የጻፉት በዕድሜ የገፉትን መቃብር ቆፋሪ በየመቃብሩ መሃል እያዞሩ እየጠየቁ ነው። ሽማግሌው አምና አርፈዋል።

"ሁለት ክረምት ፈጀብኝ" አሉኝ፤ ኩራታቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ትምህርቱ ደህና ሄደ። ቅጠል ለቅማ የምታድር ሕይወት የምትባል ልጅ ከሁሉም ቀድማ ተረዳች። የተሳሳትኩትን የሚመልስልኝ ትእዛዝ የቱ ነው ብላ ስትጠይቀኝ ሳቅኩ። እዚህ ቤት መመለስ የለም፣ ስለዚህ ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት የት፣ በየትኛው ማህደር (ፎልደር) ውስጥ እንደቆምሽ ኮምፒውተሩን ጠይቂው አልኳት።

8፡00፣ ጠረጋ

ክበባችን የሚኮራበት አንድ ልማድ አለው፤ በሰው ማሽን ከሠራን ዱካችንን ሳናጠፋ አንነሳም። ዝም ብሎ የተሰረዘ ፋይል በባለሙያ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በፋይሉ ቦታ ላይ ትርጉም የለሽ ነገር ደጋግሞ በሚጽፍ ትእዛዝ እናጠፋዋለን። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ከእንጦጦ አናት ደመና ጠቁሮ እየወረደ ነበር። ናትናኤል ሻንጣውን ተሸክሞ በር ላይ ሆኖ ያጣድፈኛል። የልምምዱን ማህደር የፈጠርነው ዝርዝሩ ካለበት የጋሽ ወርቁ ማህደር ጎን ነበር። ጠዋት ሙሉ "የት እንደቆማችሁ ጠይቁ" እያልኩ ሰው ያሰለቸሁት እኔ፣ አንድ እርከን ከፍ ብዬ፣ ሁለቱን በያዘው ማህደር ውስጥ መቆሜን ሳላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠረግኳቸው። ሥራው ከወትሮው ዘገየ። ማሽኑ አርጅቷል ብዬ አለፍኩት።

9፡00፣ ፈረንሳይ

ታክሲ ስንጠብቅ ጋሽ ወርቁ ደወሉ። "ልጄ፣ ያ ዝርዝር የት ገባ? ቦታ ቀይራችሁት ነው?"

ወዲያው ገባኝ። የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ናትናኤል፣ ዲስኩ አርጅቶ ሞተ እንበላቸው፣ ማን ያውቃል አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለክበቡ አስቦ ነው። አልዋሽም፣ ሐሳቡ ለጥቂት ደቂቃ ጣፍጦኛል። ግን ኩራታቸው ትዝ እያለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ያንን ማለት አቃተኝ። እሱን ከሻንጣዎቹ ጋር ትቼው በዝናቡ ተመለስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

10፡30፣ መቃብሩ

ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"የምታውቁት ባለሙያ የለም?"

"ባለሙያዎቹ እኛ ነን፣ ጋሽ። እንዳይመለስ አድርጌ ነው ያጠፋሁት።"

ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ቅጂ መያዝን የመደብነው ለሁለተኛው ሳምንት ትምህርት ነበር።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለን አንዲት ሴት በስብሳ ገባች። ከኮተቤ ነው የመጣችው። መቃብሩ ሊነሳ መሆኑን ሰምታለች፤ ከስምንት ዓመት በፊት የቀበረችው ልጇ መስቀሉ ጠፍቶባታል። ነገ እሑድ ሰው ይዛ አፅሙን ልታወጣ ነው። ጋሽ ወርቁ ስሙን ጠየቋት። ወደ ኮምፒውተሩ አየት አደረጉና ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ተከተልናቸው። ከወይራው አለፍ ብለው አንድ የአፈር ጉብታ ጋ ቆሙ።

"እዚህ ነው" አሏት።

ሴትዮዋ ተንበርክካ ጭቃውን ሳመች። ልጇን በቁልምጫ እየጠራች ስታለቅስ ጃንጥላውን ይዘውላት ቆሙ። እኔ ምስጥ የበላው መስቀል ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ከሄደች በኋላ፣ ያስታውሱት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አላስታውስም። ታዲያ የልጅሽን መቃብር ያጠፋነው እኛ ነን ልበላት?"

ጥያቄውን ይዤ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዤ እወጣለሁ፤ ከመስቀሎቹ የተነበበልንን ስም እኔና ጋሽ ወርቁ በየደብተራችን እንገለብጣለን። የሚነበበው ጥቂት ነው።

ምሽት 12፡30፣ አያት

እናቴ ጭቃ የነካውን ነጠላ ተቀብላ መዘፍዘፊያ ውስጥ ከተተችው። ዛሬ ምን አስተማራችሁ አለችኝ። አሥራ አንድ ሰው ትእዛዝ አስተማርን አልኳት። ጋሽ ወርቁን ውሸት ማስተማሬን ግን አልነገርኳትም።