የቀጄላ ጠመንጃና የገዲሴ ጃንጥላ

የፉሪው ቀጄላ ጠመንጃውን ፀሐይ አያስነካም ነበር። ማጋነኔ አይደለም፣ ያየ ሁሉ ይመስክር! በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ ለጥበቃ የሰጠው አሮጌ ምንሽር ነው፤ እሱ ግን እንደ ሙሽራ ይንከባከበው ነበር። በበጋው ሐሩር ከመንደሩ ጀርባ የተኩስ ልምምድ ሲኖር ሌላው ሚሊሺያ ጥይቱን ጧ ጧ አድርጎ ይጨርስና ብረቱ በእጅ አይነካም። ብረት ሲግል ደግሞ ከላዩ ወላፈኑ ይርገበገባል፣ ማነጣጠሪያው ዓይን ፊት ይደንሳል፣ ጥይቱም ወዳሻው ይሄዳል። ቀጄላ ግን አንድ ይተኩስና ጥይት ማጉረሻውን ከፍቶ አየር ያስገባለታል፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል፣ አልበቃ ብሎት ጥቁር ጃንጥላ ይዘረጋለታል። የራሱን መላጣ ለፀሐይ ሰጥቶ እኮ ነው!

ጃንጥላው ደግሞ የሚስቱ የገዲሴ ነው። ጭቅጭቁም እዚህ ላይ ነበር።

«ሰው ምን ይለኛል?» ትለዋለች። «እኔ ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ ገበያ ስወጣ ጠመንጃህ በጃንጥላ ይንቀባረራል። ለመሆኑ ያገባኸው ማንን ነው?»

«ቆይ እንጂ ገዲሴ» ይላል እየሳቀ። «ሙክትሽን የሚያመጣልሽ እሱ ነው።»

የሙክቱ ነገር እንዲህ ነው። ገዲሴ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ አርግዛ ወሯ ገብቷል። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ከድቷቸው በረታቸው ባዶ ነው፤ ለአራስ የሚታረድ ሙክት ቀርቶ ዶሮ እንኳ የለም። በሚያዝያ፣ በላብ አደሮች ቀን፣ ፉሪና ላፍቶ በዒላማ ተኩስ ሊወዳደሩ ነው፤ ለአሸናፊው የሚሰጠው አንድ የሰባ ሙክት ነው። ቀጄላም በሰው ፊት «የአራሷን ሙክት ጎትቼ የምመጣው ከዚያ ነው!» ብሎ ፎክሯል። ባዶ እጁን ቢመለስ መሳቂያ መሆኑስ ይቅር፤ ሚስቱ በባዶ ቤት መታረሷ ነው አንጀቱን የሚበላው።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቀጄላ ገዲሴን «ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ» ብሏት ሄደ። ተኳሹ አንድ በአንድ ወድቆ ቀጄላና የላፍቶው ልብስ ሰፊ አብዶ ብቻ እኩል ለእኩል ቀሩ።

«አንዳንድ ጥይት ትተኩሳላችሁ፣ እሱ ይለያችኋል» አሉ አሠልጣኙ አሥር አለቃ ወጋየሁ። ከዚያ አዲስ ዒላማ እስኪሰቀል ጥበቃ ሆነ።

አብዶ ጎበዝ ተኳሽ ነው፣ ግን ችኩል። የራሱን ጠመንጃ ፀሐይ ላይ ጥሎ «ወንድሜ፣ ጡጦ አልሰጠኸውም እንዴ?» ብሎ በቀጄላ ጃንጥላ ሲያሾፍ ሕዝቡ አውካካ።

ቀጄላ አብሮ እየሳቀ ቀና ሲል ገዲሴን አያት። ሆዷን ይዛ፣ ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ ከሕዝቡ ፊት ቆማለች። ክው አለ። ጃንጥላውን ከጠመንጃው ላይ ነጥቆ ሮጠና ራሷ ላይ ዘረጋው።

«ምን ነካህ?» ተቆጣች። «ብረቱ ይግላል፣ መልሰው!»

«ይጋላ!»

«ሙክቴን ልታስወስድብኝ ነው?»

እየጎተተችው መጥታ ከጠመንጃው አጠገብ ዘርፈጥ አለች፤ ጃንጥላውን ለራሷም ለብረቱም አደረገችው። ጆንያው ደርቆ ነበርና ለመንገድ በያዘችው ውሃ አራሰችው። ይህን ስታደርግ ድንገት ፊቷ ተኮማተረ፣ ከንፈሯን ነከሰች። ቀጄላ ገባው።

«መጣ እንዴ?»

«መጥቷል። አንተ ተኩስ፣ እሱ ይጠብቅሃል።»

አብዶ ቀድሞ ተኮሰ። ብረቱ እንደጋለ ነበርና ጥይቱ ከፍ ብሎ የዒላማውን ጠርዝ ነካ። ቀጄላ ጆንያውን ገፎ ተንበረከከ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ማነጣጠሪያውም ጥርት ብሎ ይታያል። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቃታውን ሳበ። መሃሉን!

እልልታው ሳያልቅ ሴቶቹ ገዲሴን ደገፏት። ቀጄላ በአንድ እጁ ሙክቱን እየጎተተ፣ በሌላው ጃንጥላውን ሚስቱ ላይ ዘርግቶ ወደ ቤት ገሠገሠ። አዋላጇ ውሃ እንኳ በቅጡ ሳታሞቅ ልጁ እሪ ብሎ ደረሰ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አሥር አለቃ ወጋየሁ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊታቸው አይፈታም።

«ጓድ ቀጄላ፣ መሣሪያህ የት ነው?»

ቀጄላ ወደ ግድግዳው ዞረ። መስቀያው ባዶ ነው። ከአልጋው ሥር አየ፣ ከበሩ ኋላ አየ፣ የለም። ላብ አጠመቀው፤ በዚያ ዘመን የመንግሥት መሣሪያ መጣል ቀልድ አልነበረም።

አሥር አለቃው ከጀርባቸው የደበቁትን ምንሽር አወጡ። «ሜዳው መሃል ተጋድሞ አገኘሁት። ከሰዓቱን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ውሏል። በል ንካው፣ እስካሁን ይፋጃል!»

ከመጋረጃው ወዲያ የገዲሴ ሳቅ ተሰማ። የወሊዱ ቁስል እያመማት ትስቃለች።

«እውነትዎን ነው አሥር አለቃ? ፀሐይ ላይ ጥሎት መጣ?»

«በማርያም!»

«እሰይ!» አለች፣ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ። «እንግዲያው ዛሬ ገና አገባኝ።»