«ያልብሷት» በኮሪያኛ

በኮሪያኛ ልብስ መግዛት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ «ስንት ነው?» ማለትን ይማር ይላሉ። ተሳስተዋል። ዋጋው ልብሱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቁጥሩም ሁላችንም የምናውቀው ቁጥር ነው። ቀጥሎ የሚያስተምሩት «ይቀንሱልኝ» የሚለውን ነው፤ «ቃቃ ጁሴዮ»። ፈረንጅ ይህን ለማለት ሲታገል ይውላል። እኛ ግን ከ«ቀ» ጋር አብረን ስላደግን ጉሮሯችን አይቸገርም። አንዲት ኮሪያዊት ባለሱቅ ሲሰሙኝ አጨበጨቡልኝ። ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም።

ኮሪያኛ የጀመርኩት በእህቴ ምክንያት ነው። ታላቄ ናት፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሬንተን በምትባል ከተማ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ሃያ ወር አልፎት ነበር፤ እሷ ግን አሁንም ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ቀሚስ ነው የምትለብሰው። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት መነኩሴ መስላቸው፣ እንድትጸልይላቸው በየጠዋቱ ይለምኗት ነበር። እሷም ለመከራከር እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት ትጸልይላቸዋለች።

በወጋችን ሙት ዓመቱ ሲወጣ ዘመድ አዲስ ልብስ ገዝቶ ይመጣና ሐዘንተኛዋን ጥቁሯን ያስወልቃታል። ሙት ዓመቱ ወጣ። ቅዳሜ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ወደየሥራው በረረ። አንዱ ኦበርን ወዳለው መጋዘን፣ አንዱ ኤርፖርት፣ አንዱ ታክሲው ውስጥ። ወንድማችን ልብሱን ሚስቱ የገዛች መስሎታል፣ ሚስቱ ደግሞ እኔ የገዛሁ መስሏታል። እኔ ረስቼ አልነበረም ያልገዛሁት። አቋም ነበረኝ። ሰው ሐዘኑ ሲበቃው ራሱ ያውልቅ እንጂ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ትልቅ ሰው የሚያስወልቀው ምን ሲባል ነው እያልኩ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አፌን በጥብስ ሞልቼ ንግግር አድርጌያለሁ። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ለቂልነቱ ማስረጃ አያጣም።

ከዚያ በኋላ «መቼ ነው የምታወልቂው?» ባልኳት ቁጥር «ትንሽ ይቆይ» ትለኛለች። እኔም ሐዘኗ ጥልቅ ነው ብዬ በአክብሮት እተዋታለሁ።

እህቴ ደቃቃ ናት። የአሜሪካ ልብስ ስትለብስ የተዋሰችው ይመስላል። ልኳ የሚገኘው ፌደራል ዌይ በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ አንዲት ኮሪያዊት ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው። ባለሱቋ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ እንግሊዝኛቸው ከእህቴ የማይሻል ሴት ናቸው። እህቴ በአማርኛ ታወራቸዋለች፣ እሳቸው በኮሪያኛ ይመልሱላታል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይህ ግንኙነት መሻሻል አለበት ብዬ ወሰንኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

አስተማሪዬ የእህቴ ልጅ ሆነች። የኮሪያ ድራማ ስታይ ነው ያደገችው።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ "ዮ"ን ስኪፕ ካደረግክ ሩድ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ዕድሜ ልክሽን "አንተ" እያልሽኝ፣ የኮሪያን አክብሮት ልታስተምሪኝ?»

«ሶ? እነሱ ይቀየማሉ። አንተ ፋሚሊ ነህ።»

ደብተር ገዝቼ ጻፍኩ። «ኢቦ ባዶ ድዌዮ?» ልሞክረው እችላለሁ? «ኮዮ» ሰፊ ነው። «ዳረን ሴክ ኢሶዮ?» ሌላ ቀለም አለ? የተማመንኩት በዚህች በመጨረሻዋ ነበር። እህቴ ፊት ሌላ ቀለም ከተደረደረላት፣ ያኔ ራሷ ትመርጣለች።

አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። እንደገባች ጥቁር ሸሚዝ አነሳች። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዳረን ሴክ ኢሶዮ?» አልኩ። ባለሱቋ ደስታቸው ወሰን አጣ። ሰማያዊ፣ ክሬም፣ ወይን ጠጅ፣ አንድ አረንጓዴ ቀሚስም ጨምረው ጠረጴዛውን ሞሉት።

«የቱን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት እህቴን።

«ጥቁሩን።»

«እትዬ፣ ጥቁር ሞልቶሻል እኮ።»

«ያ አርጅቷል።»

«እስቲ አረንጓዴውን እዪው። እንዴት ያምራል!»

«ካማረህ አንተ ልበሰዋ!»

ባለሱቋ ከት ብለው ሳቁ። ከሦስታችን ነገሩ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እሺ በቃ» አልኩ፣ ሆደ ሰፊ ለመምሰል። «የፈለግሽውን ውሰጂ። ነጻ ነሽ፤ ማንም አያስገድድሽም።»

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ነጻ ነሽ! ስምንት ወር ሙሉ ነጻ ነሽ እያላችሁ ጣላችሁኝ እኮ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማን አስወለቀኝ? የሙት ዓመቱ ዕለት ገላዬን ታጥቤ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ነው የመጣሁት። ልብሱን መኪና ውስጥ ትተውት ይሆናል፣ አሁን ያመጡታል እያልኩ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። በላችሁ፣ ሄዳችሁ።»

«ታዲያ ራስሽ ብታወልቂውስ? ማን ይከለክልሻል?»

«በገዛ እጄ?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰውስ ይበል፣ ሰው መቼም ይላል። ባሌን ምን እለዋለሁ? ሰለቸኸኝ ልበለው?»

ጥልቅ ሐዘን ብዬ ሳከብረው የኖርኩት ነገር መጠበቅ ነበር። እኛን ነበር የምትጠብቀው። ስልኬን አወጣሁና ለእህቴ ልጅ «"ያልብሷት" በኮሪያኛ ምንድነው?» ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ኢፕዮ ጁሴዮ። ዋይ??»

አረንጓዴውን ቀሚስ አንስቼ በሁለት እጄ ለባለሱቋ አቀረብኩላቸው።

«ኢፕዮ ጁሴዮ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። እኔን አዩ፣ ከዚያ የእህቴን ጥቁር ሻሽ አዩ።

«ባል?» አሏት በእንግሊዝኛ።

እህቴ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔም» አሉ፣ ደረታቸውን ነካ አድርገው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው አልጠየቋትም። ክንዷን ይዘው ወደ መጋረጃው ወሰዷት።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ትግል ተሰማ። «ኧረ ቀስ! እጄን እኮ ነው!» ትላለች እህቴ በአማርኛ። በኮሪያኛ ቁጣ የመሰለ ነገር ይመለስላታል። ከዚያ ሳቅ፤ የማን እንደሆነ አልለየሁም። ቆይቶ ዚፕ ተሳበ፣ መጋረጃው ተከፈተ።

ሻሹንም አውልቀውላታል። ጸጉሯን ካየሁት ሃያ ወር ሆኖኝ ነበር፤ ከፊት በኩል ነጭ ሆኗል። መስታወቱ ፊት ቆማ ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች።

«አላጠረብኝም?» አለች።

ሃያ ወር ሙሉ ስለ ልብስ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ያምርባታል» በኮሪያኛ እንዴት እንደሚባል ተምሬ ነበር፤ ደብተሬ ውስጥ አለ።

«ወገቡ ትንሽ ይሰፋል» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ስለ ወገብ ምን ታውቃለህ!»

ባለሱቋ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዝ አደረጉላት፣ በመዳፋቸውም ጀርባዋን መታ መታ አደረጉት። ጥቁሩን ልብስ አጥፈው በከረጢት ሰጡኝ። እህቴ አረንጓዴውን እንደለበሰች ወጣች።

ሬንተን ስንደርስ «ለወንድምህ ደውልለት። ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁሉም ቤት ይምጡ» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«አስወለቅናት በላቸው። አወለቀች እንዳትል።»

እንዳለችው ነገርኳቸው። ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ ሚስቱን ሲጠራ ሰማሁት።

እናንተም ዘመድ ውስጥ ዓመቱ አልፎ ጥቁር የለበሰች ሴት ካለች ምን ቀለም ትወጃለሽ ብላችሁ አትጠይቋት፤ አስተያየታችሁንም ለራሳችሁ ያዙት። ይህን ማንበብ አቁሙ፣ ዛሬውኑ ልብስ ግዙና ሄዳችሁ አልብሷት።