የመመለሻው ምዕራፍ

ጵርስቅላ በሆሳዕና፣ ከዞኑ ቢሮዎች ፊት ለፊት ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቆች በአንዷ ውስጥ የሰው ጉዳይ ስትጽፍ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የድንበር ክርክር፣ የዝውውር ጥያቄ፣ የጠፋ መታወቂያ። ባለጉዳይ ሁሉ ታሪኩን ከአዳም ነው የሚጀምርላት፤ የቱ ተጽፎ የቱ እንደሚቀር መለየት የእሷ ፋንታ ነው። ልብ ወለድ መጻፍ ማን አስተማረሽ ሲሏት «መሬት አስተዳደር» ትላለች።

ልብ ወለዱን ግን ለቀልድ አልጀመረችውም። ባሏ ተገኘ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዐሥር ዓመት ሆኖታል። በዚህ አገር ወደዚያ ሰው ያልሸኘ ቤት ቢፈለግ አይገኝምና በመሄዱ ማንም አልተገረመም። አምስቱን ዓመት እየደወለ፣ እየላከ ቆየ። በኮሮናው ዓመት ስልኩ ተዘጋ። ጵርስቅላ ጠየቀች፣ አስጠየቀች። ሞርሲቶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ዕንባቆም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጠብቂ» አላት። እሷም ጠበቀች። መጠበቁ ብቻውን ሲያቅታት ጊዜ፣ ባሏ ደቡብ አፍሪካ የቀረባት ሰሎሜ የምትባል ሴት ፈጠረችና ታሪኳን ረቡዕና ቅዳሜ በቴሌግራም ቻናል በነፃ ትለቅ ጀመር። እዚያ ሱቅ የሚጠብቁት የሀዲያና የከምባታ ልጆች ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልካቸው ላይ እንደሚያነቡ ታውቃለች። ከእነሱ አንዱ ተገኘ ቢሆንስ? ሌላ ሴት አግብቶም ይሁን ታስሮ፣ አንድ ቀን ያነባል፤ ሲያነብ ራሱን ያገኛል። ሰባት ሺህ ሰው የሚከታተለው ታሪክ ለአንድ ሰው የተጻፈ ነበር።

አንባቢዎቿ ዘመዶቿ ሆኑ። ከዱራሜ የምትጽፍ አንዲት ነርስ ሰሎሜ ባሏን ትፍታው ብላ በየሳምንቱ ትሟገታለች። ሀደሮ ያለ አንድ መምህር ፊደል ያርማል። ሕዝቅኤል የሚባል የጆሃንስበርግ ሰው ደግሞ አንዲት ቃል ጽፎ ባያውቅም፣ አዲስ ክፍል በወጣ በደቂቃው የልብ ምልክት ያደርጋል። ስሙን የቀየረ ተገኘ ይሆን እያለች ስንት ጊዜ የዚያን ሰው ባዶ ፎቶ አፍጥጣ አይታለች። ከሞርሲቶ፣ ከባሏ አገር፣ አንድም ሰው አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። የአገር ሰው የአገሩን ልጅ አያደንቅም ብላ ተወችው። ከሥራ ስትገባ ከእነዚህ ሰዎች በቀር የምታዋራው የለም፤ እራቷን እንኳ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስደግፋ ነው የምትበላው።

አርባ አንደኛው ክፍል እንደወጣ ከአዲስ አበባ ዮዲት የምትባል የአንድ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ደወለችላት። ታሪኩን መጽሐፍ ልናደርገው እንፈልጋለን አለቻት፤ በድርጅቱ ወጪ፣ በውል። ጵርስቅላ ሱቁን ከውስጥ ዘግታ ነው የሰማቻት። ክፍሎቹ ከቻናሉ መነሣት አለባቸው፣ በነፃ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ የለም። በየክፍሉ መግቢያ «ባለፈው እንዳነበብነው» እያለች የደጋገመችውም ይወጣል። ይኼን ሁሉ እሺ አለች። ያስጨነቃት የመጨረሻው ነው፤ ታሪኩ መጨረሻ የለውም። ዮዲት እየሳቀች፣ «በቴሌግራም አንጠልጥሎ መኖር ይቻላል፣ መጽሐፍ ግን የኋላ ሽፋን አለው። ባልየው ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለቻት።

ጵርስቅላ በሦስት ቀን መልሳ አመጣችው። የሰሎሜ ባል አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ሆሳዕና መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወረደ፤ ሰሎሜም መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነበር። በሕይወቷ እንደዚህ የጣማት ገጽ ጽፋ አታውቅም። ደስታው አላስቀምጥ ስላላት በቻናሉ ላይ መጽሐፉ ሊታተም መሆኑን፣ ክፍሎቹም ከቅዳሜ ጀምሮ እንደሚነሡ ጻፈች። አላስችል ብሏትም «አይዟችሁ፣ ባሏ ይመለሳል» ብላ ጨመረች።

የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት እየጎረፈ ሳለ ሕዝቅኤል ደወለ። ድምፁ የተገኘ አይደለም። ከጀርባው የሱቅ ሚዛንና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«እህቴ፣ መጽሐፉ ይታተም። የሰውየው መመለስ ግን አይታተም» አላት። «ቴሌግራም ላይ በመካከላችን ነበር። መጽሐፍ ሞርሲቶ ገበያ ይገባል፣ ሰው እያወቀ ያነበዋል።»

«ተገኘን ታውቀዋለህ?»

«አንድ ቤት ኖረናል። የቀረውን በስልክ አልናገርም፤ ለዕንባቆም ደውያለሁ።»

በስልክ የማይነገረው ምን እንደሆነ የሀዲያ ልጅ ሆኖ የማያውቅ የለም። የሰው ቢሆን ጵርስቅላም ወዲያው ይገባት ነበር። ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ የሰማችው አግብቷል፣ ወልዷል የሚል ነበር። ተናደደች፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ደስ አላት። አግብቶ ከሆነ አለ ማለት ነዋ! ምን ብላ እንደምትሰድበው እያሰበች እንቅልፍ ወሰዳት።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ዕንባቆምና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ግቡ ብትላቸው ቶሎ አልገቡም። ያን ጊዜ የመጡበት ገባት።

ተገኘ በኮሮናው ዓመት ሱቁን ሊዘጋ ሲል በዘራፊዎች ተመቶ ሞቷል። ድንበሩ ዝግ ስለነበረ አስከሬኑ ሊመጣ አልቻለም፤ ሕዝቅኤልና ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት፣ መርዶውንም ወደ አገር በሚገባ ሰው ለዕንባቆም ላኩ። በዚያ ሰሞን የተገኘ እናት እማማ ዶርቃ ልባቸውን ታመው ተኝተው ነበር። ቤተ ዘመድ መከረ፦ እናት ከሰሙ ይሞታሉ፣ ሚስት ከሰማች እናት ይሰማሉ፣ እንግዲያስ እሳቸው እስኪሻላቸው ለሁለቱም አይነገር። እማማ ዶርቃ አልዳኑም፣ አልሞቱምም። የሳምንት ዝምታ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁ ለሚለው መልስ ጠፋ። ሞርሲቶ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትጽፈው ነበረች።

ዕንባቆም ከጋቢው ውስጥ ሆኖ አለቀሰ። ከዚያ የመጣበትን ቀሪውን ተናገረ፦ «ድንኳን አንጣል፣ ጵርስቅላ። ድምፅ አታሰሚ። እናቴን ትገድያታለሽ።»

ይኼን ያህል ጨካኝ ልመና ለሰው ይቀርባል ወይ? ቀረበ፤ እሷም እሺ አለች። ሰኞ ሱቋን ከፈተች። ጥቁር አልለበሰችም፣ ፀጉሯን አልሸፈነችም። ከገጠር የመጣ ሰው የሟች ወንድሙን ውርስ ማመልከቻ ሲያጽፋት ሟች የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ጻፈች፤ እጇ አልተሳሳተም። ማታ ማታ ከቻናሉ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አነሣች። ከሥራቸው የነበረው የሰው ቃልም አብሮ ጠፋ፤ የነርሷ ሙግት፣ የመምህሩ እርማት፣ የሕዝቅኤል ልቦች። አርባ አንዱም ሲያልቅ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ ማስደገፏን ተወች። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላስተዋለችውም ነበር።

ዮዲት ደወለች። ረቂቁን ወዳዋለች፣ የመመለሻው ምዕራፍ ግን አላሳመናትም፤ ቢታሰብበት አለች። ጵርስቅላ ባልየው መመለስ አለበት፣ የሚጠብቀው ሰው አለ ብላ ድርቅ አለች። መታሰቢያነቱ ለማን ይሁን ስትባል «ለማንም» አለች።

የሚጠብቀው ሰው ያለችው እማማ ዶርቃን ነበር። አሮጊቷ አማርኛ አያነቡም፤ መጽሐፉ ሲወጣ ግን ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ ሳታነብላቸው አትቀርም። በመጽሐፍ እንኳ ልጃቸው ይምጣላቸው ብላ ነው። እሁድ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ምዕራፉን አትማ ይዛ ሞርሲቶ ሄደች። እማማ በእንሰቱ በኩል በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ አማርኛውን እያየች በሀዲይኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጫማው ታየ።

«አሁን የወረደው ማነው?» አሉ እማማ።

«የሰሎሜ ባል ነው።»

«ለምን አመጣሽው?»

ጵርስቅላ ታሪኩ እንደዚያ እንደሚያምር ልታስረዳ ጀመረች። አሮጊቷ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አኖሩ።

«የሞተ ሰው አውቶቡስ አይሳፈርም፣ ልጄ» አሉ። «ልጇ እዚያ አገር ያለች እናት ገበያ ስትወጣ፣ ልጅሽ ደወለ ወይ ትባላለች። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ይኸው አምስት ዓመት። ሞኝ መስዬሽ ነው? አንቺ ተስፋ አለሽ ብዬ፣ ስላንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አምስት ዓመት ሙሉ አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ ለየብቻቸው። ጵርስቅላ ይህን ስታስብ ከሞቱ ይልቅ አንገበገባት። ወረቀቶቹ ከጭኗ ወርደው በረንዳው ላይ ተበተኑ፤ አላነሣቻቸውም።

እማማ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፣ ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ ልጃቸውን በስሙ ጠርተው ጮኹ። ጵርስቅላ ሁለተኛውን ጩኸት ሰማች፤ ከራሷ ጉሮሮ መውጣቱን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፣ ወንዶቹ የድንኳን ቋሚ ፍለጋ ተበተኑ፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሕዝብ ደጁን ሞላው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።