ተገልብጦ የገባው ሸራ

አስማማው ባለፈው የካቲት የመኪናዬን ፍሪሲዮን በገዛ እጄ እቀይራለሁ ብሎ ሲነሳ ሰፈርተኛው ሁሉ ሳቀበት። ይሳቅበት! ሰውየው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከፋይልና ከማኅተም በቀር ምን ያውቃል? የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። ከአጥሩ ማዶ ደብረ ታቦር አሉኝ ከምትላቸው መካኒኮች አንዱ ይኖራል፤ የእናቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ ሙላቴ።

ሁለቱ ከተኮራረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገሩ የአባታቸው ባህር ዛፍ ነው። ሙላቴ ሳያማክረው አስቆረጠው፤ አስማማውም በሰው ፊት ሌባ አለው። ሽማግሌ ቢገባ፣ የንስሐ አባታቸው ቢለምኑ፣ ወይ ፍንክች! ድሮ «አያ ሙላቴ» እያለ ከኋላው የማይጠፋው ሰው አሁን «ያ ሰውዬ» ይለዋል። የግድ መነጋገር ሲኖርባቸው በሙላቴ ሚስት በየሺ በኩል ነው። በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ፣ «እንዲህ በዪው» ይባባላሉ። እሷ ምስኪን መሀል ቆማ ትደግማለች።

የዚያን ሰሞን ደግሞ የሚቀለድበት ጊዜ አልነበረም። እናታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ቀኑን ከሌሊቱ ብቻ ነው የሚለዩት። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች በዘመቻ ደብረ ታቦር መጥተዋል፤ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሰው ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋ ያሉት ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው፤ ጉልበታቸውም አያራምዳቸውም። አስማማው «አርብ በማለዳ ሄጄ አመጣቸዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ማክሰኞ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ።

የሺ በዚያው ዕለት መጣች።

«ጎትቶ ያምጣት፣ በግማሽ ቀን እጨርስለታለሁ ብሎሃል» አለችው።

«የሱ እጅ ከሚነካት እሳት ይብላት በዪው!»

ሁለት ቀን ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ዋለ። ስልኩን ጎማ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ እያየ የማርሽ ሳጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ አወረደ። ክርኑ ተላጠ፣ ዘይት ዓይኑ ውስጥ ገባ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለጀማሪ ደህና አድርጎ ነው የፈታው። አዲሱን የፍሪሲዮን ሸራ፣ ያን ክብ ሰሌዳ፣ ይዞ ሲገባ ግን ፊቱን አዙሮ ያዘው፤ ወደ ካምቢዮው መዞር ያለበት ያበጠው ጎን ወደ ሞተሩ ዞረ።

ሙላቴ በአጥሩ ክፍተት አየው።

«የሺ! ሸራው ተገልብጧል በዪው! ያበጠው ጎን ወደ ካምቢዮ ነው!»

የሺም አንድ ቃል ሳታስቀር ደገመችለት።

አስማማው እዚያው ሥር እንደተጋደመ ሳቀ። «አየሽ? መልሶ ሊያስፈታኝ ነው። አርብ እንዳልደርስ፣ እናቱን ያሳከመ ሙላቴ ነው እንዲባልለት!» አለና ብሎኑን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። ሙላቴም ቢሆን አጥሩን ዞሮ መጥቶ፣ እግሩን ስቦ አውጥቶ፣ «ስማኝ አንተ ደረቅ!» ሊለው ይችል ነበር። ምን ሲደረግ! ጀርባውን ሰጥቶ ቤቱ ገባ። ሁለቱንም ማነቅ ነበር።

አርብ ሲነጋ ሞተሩ ተነሳ። አስማማው የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረግጦ ማርሽ ሊያስገባ ሲል የማርሹ ጥርስ ተንጓጓ፤ አልገባም። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። ላቡ በጀርባው ወረደ። መኪናዋን ጥሎ ሮጦ ሚኒባስ ያዘ፤ አንበሳሜ ወርዶ በቅሎ ለመነ፤ እናቱን አስፋልት ድረስ አምጥቶ ሌላ ሚኒባስ ጠበቀ። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሕክምናው ይሰጥበት የነበረው ግቢ ውስጥ ሠራተኞች ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር። ሐኪሞቹ ሄደዋል።

እናቱን ቤቱ አምጥቶ በረንዳው ላይ በርጩማ ሰጣቸው። የሺ ልትስማቸው መጣች፤ ሙላቴ ከአጥሩ ማዶ ቀረ።

«መኪናህ ምን ሆነች?» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

«ሸራውን ገልብጬ አስገብቼው ነው፣ እማዬ።»

«ወንድምህ እያለ? አልነገረህም?»

«ነግሮኛል።»

«አልሰማኸውም?»

ሊዋሽ ፈለገ። የሺ አጠገቡ ቆማለች።

«ሰምቼዋለሁ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ የለበሱትን ነጠላ ሰብስበው ለመነሳት ሲሞክሩ አስማማው ክንዳቸውን ያዘ። መንጭቀው አስለቀቁት።

«አንተ አትምራኝ» አሉ። «ያም ወንድምህ እንዳይመጣ። የሺ ትምራኝ።»

የሺ እያለቀሰች ይዛቸው ገባች። የበሩን ደፍ በእግራቸው ሲዳብሱ አስማማው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መልሶ ሰበሰበው።